«አሟሟቴን አሳምርልኝ»፦ ስለ ርኅራኄ ግድያ የባህል፣ የሕክምናና የልብ ወለድ አስተያየቶች

ሰው እንዴት መኖር እንደሚገባው የሚያስተምሩ መጻሕፍት በየዘመኑ ተጽፈዋል። እንዴት እንደሚሞት ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚወሰነው ከመጻሕፍት ርቆ፣ በሕመምተኛው አልጋ ዙሪያ በተሰበሰቡ ዘመዶች፣ በነፍስ አባት ወይም በሼህ፣ ከቅርብ ዘመን ወዲህም በሐኪም ነው። መዳን የማይቻለውና በከባድ ስቃይ ላይ የሚገኝ ሰው «ገላግሉኝ» ብሎ ቢለምን ልመናው ሊፈጸምለት ይገባልን? ይህ ጥያቄ በአውሮፓ ቋንቋዎች «ዩታናሲያ» በሚል ስም ይታወቃል፤ በአማርኛ «የርኅራኄ ግድያ» እየተባለ ይተረጎማል። ጥያቄው የሕግና የሕክምና ብቻ መስሎ ቢታይም በመሠረቱ የባህል ጥያቄ ነው። ማንኛውም ኅብረተሰብ መልሱን የሚሰጠው «መልካም ሞት ምንድን ነው?» የሚለውን አስቀድሞ በልማዱ፣ በሃይማኖቱና በኪነ ጥበቡ ከወሰነ በኋላ ነውና። በዚህ ጽሑፍ ጉዳዩን ከድሬዳዋና ከአካባቢዋ ታሪክ ተነሥተን እንመለከተዋለን።

ቃሉና ምኞቱ

«ዩታናሲያ» ከሁለት የግሪክ ቃላት የተሠራ ሲሆን ጥሬ ትርጉሙ «መልካም ሞት» ማለት ነው። ሮማዊው የታሪክ ጸሐፊ ስዌቶኒዮስ ስለ ቄሣር አውግስጦስ ፍጻሜ ሲተርክ፣ ንጉሠ ነገሥቱ አንድ ሰው ፈጥኖና ያለ ጣር መሞቱን በሰማ ቁጥር ለራሱና ለቤተሰቡ እንዲህ ያለውን ሞት ይመኝ እንደነበረ፣ ምኞቱንም በዚሁ የግሪክ ቃል ይጠራው እንደነበረ ይገልጻል። በዚህ አጠቃቀም ውስጥ ገዳይም ሐኪምም የለም፤ ያለው ጸሎት የሚመስል ምኞት ነው።

አማርኛችን ለዚህ ቃል አቻ ለመፈለግ መድከም አያስፈልገውም። ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ዘወትር «አምላኬ ሆይ አሟሟቴን አሳምርልኝ» ይላሉ። ሙስሊሙም «ኻቲማዬን አሳምርልኝ» ሲል ፍጻሜዬን መልካም አድርግልኝ ማለቱ ነው። ቃላቱ ከግሪኩ ጋር ልክ ለልክ ይገጥማሉ፤ የምኞቱ ይዘት ግን ይለያያል። አውግስጦስ የተመኘው ፈጣን ሞትን ነበር፤ የእኛ አባቶችና እናቶች አጥብቀው የሚፈሩት ደግሞ ድንገተኛ ሞትን ነው። ሳይናዘዙ፣ ዕዳቸውን ሳይከፍሉ፣ ከተጣሉት ሳይታረቁ፣ ልጆቻቸውን ሳይመርቁ መሄድ በእነርሱ ዓይን ሞትን ያከፋዋል። ጥቂት ቀን መታመም ለኑዛዜ ፋታ ስለሚሰጥ እንደ ጸጋ የሚቆጠርበት ጊዜም አለ። ሕመምተኛን ፈጥኖ ማሳረፍ የሚለው ሐሳብ በልማዳችን ውስጥ ሥር ያልሰደደበት አንዱ ምክንያት ከዚህ ላይ ይገኛል። በጊዜው የሚመጣ ሞት በራሱ ሥራ አለው፤ ሥራውም ጊዜ ይጠይቃል።

በመድኃኒት ሜዳ ላይ

ስለ ድሬዳዋ ስም አመጣጥ ከሚነገሩት አፈ ታሪኮች አንዱ ከሶማሊኛ ተነሥቶ የድር ጎሣ አባት ጦሩን የወጋበት ስፍራ ነው ይላል። ሌላው ደግሞ «ድሬ» ሜዳ፣ «ዳዋ» መድኃኒት መሆኑን ጠቅሶ ከተማዋን «የመድኃኒት ሜዳ» ያሰኛታል። የስሙ ነገር ያም ሆነ ይህ ከተማዋን የወለዳት የባቡር ሐዲድ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ከዚህ ሜዳ ላይ ሲደርስ፣ ከደቻቱ ወንዝ ወዲህና ወዲያ ከዚራና መጋላ ተቆረቆሩ፤ ሐዲዱ አዲስ አበባ እስኪገባ እስከ 1909 ዓ.ም. ድረስም ድሬዳዋ የዕቃውም የሰውም ማረፊያ ሆና ቆየች። ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አማራው፣ ሐረሪው፣ ጉራጌው፣ ዓረቡ፣ ሕንዱ፣ አርመኑና ግሪኩ በአንድ ከተማ ሲኖሩ ሸቀጡን ብቻ ሳይሆን የልደቱንና የሞቱንም ሥርዓት ይዘው ነበር የመጡት።

በክርስቲያኑ ቤት ሕመሙ ሲጠና የነፍስ አባት ይጠራል፤ ሕመምተኛው ንስሐ ይገባል፣ ይቆርባል፣ ቃሉን በሽማግሌዎች ፊት ይሰጣል። በሙስሊሙ ቤት የሕመምተኛው ፊት ወደ ቂብላ ይመለሳል፤ ያሲን ይቀራለታል፤ ሸሃዳው የመጨረሻ ቃሉ ይሆን ዘንድ በጆሮው ይነገረዋል። በሁለቱም ቤት ነፍስ የባለቤቷ ንብረት አይደለችም፤ አደራ፣ ወይም በሙስሊሙ አነጋገር አማና ናት። በመሆኑም ራስን መግደል በሁለቱም ሃይማኖት የተከለከለ ነው፤ በቤተ ክርስቲያንም ልማድ ራሱን ለገደለ ሰው ፍትሐት ይከለከላል። ከሞት በኋላ ደግሞ ዕድሩ ድንኳኑን ይተክላል፣ የሐረሪው አፎቻ ወገኑን ይሰበስባል።

ይህ ሥርዓት ለሟቹ ክብርንና ሰውን ሰጥቶታል። ለስቃዩ ግን የነበረው መድኃኒት ጥቂት ነበር። ጠበሉና የዘምዘሙ ውሃ፣ የአዋቂው ሥራ ሥርና ቅጠል ተስፋንና መጽናናትን ቢሰጡም፣ አጥንት ውስጥ የገባ ነቀርሳ የሚያመጣውን ሕመም የሚያስታግስ ኃይል አልነበራቸውም። «ያማረ አሟሟት» የሚለው ምኞት በተግባር ሲመረመር የሚጎድለው ይኸው ነው።

ሁለት ሕመምተኞች

ከተማዋ ከመቆርቆሯ ከአሥር ዓመት በላይ ቀደም ብሎ በዚሁ አካባቢ አንድ ሕመምተኛ በቃሬዛ አልፏል። እርሱም በልጅነቱ ግጥም ጽፎ የተወው፣ በኋላ በሐረር የቡናና የልዩ ልዩ ሸቀጥ ነጋዴ የሆነው ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ ነው። በ1883 ዓ.ም. ቀኝ ጉልበቱ አብጦ መራመድ ሲሳነው፣ ራሱ ባሠራው የሸራ ቃሬዛ ላይ ተኝቶ በአሥራ ስድስት ተሸካሚዎች ከሐረር ወደ ዘይላ ወረደ። መንገዱ በገልዴሳ በኩል ሲሆን ወደ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን በረሃ ለማቋረጥ ከአሥር ቀን በላይ ፈጅቷል። እግሩ በማርሴይ ሆስፒታል ተቆረጠ፤ ነቀርሳው ግን አልቆመም። በእናቱ ቤት በከረመበት በጋ እኅቱ ኢዛቤል ሕመሙን ለማደንዘዝ የፓፒ አበባ እያፈላች ታጠጣው ነበር። በደብዳቤዎቹ ለምን እንደምንኖር እስከ መጠየቅ የደረሰ ተስፋ መቁረጥ ይነበባል። ሆኖም እ.ኤ.አ. ኅዳር 10 ቀን 1891 በ37 ዓመቱ ከመሞቱ አንድ ቀን አስቀድሞ ለእኅቱ ያስጻፈው ደብዳቤ ለመርከብ ድርጅት የተላከ ነበር፤ ወደ መርከቡ ተሸክመው እንዲወስዱት ሰዓቱን ይጠይቃል። በሐረር ለአገለገለው ለጃሚ ገንዘብ እንዲሰጥም አደራ ብሏል። የሰውነት ተስፋው ባለቀበት ሰዓት ይህ ሰው የጠየቀው መንገድ፣ ተሸካሚና ለወዳጁ የሚተርፍ ውርስ ነበር። ያም ቢሆን የአንድ ሰው ታሪክ ለሁሉ አይበቃም፤ የሚያሳየን በስቃይ ላይ ያለ ሰው ልብ በአንድ ወር ውስጥ እንኳ ከሞት ምኞት ወደ ጉዞ ምኞት ሊመላለስ እንደሚችል ነው።

ሁለተኛው ሕመምተኛ ዳግማዊ ምኒልክ ናቸው። በሐረር ከራስ መኰንን ዘንድ ያገለገሉት የጓድሉፑ ተወላጅ ዶክተር ጆሴፍ ቪታሊየን ኋላ የንጉሠ ነገሥቱ ሐኪም ነበሩ። ምኒልክ በተደጋጋሚ በደረሰባቸው የአንጎል ደም መፍሰስ ከ1902 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ አካላቸውና አንደበታቸው ታስሮ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ ከአራት ዓመት በላይ የአልጋ ቁራኛ ሆነው ኖሩ። የውጭ አገር ሐኪሞችም ጠበሉም ተሞክረዋል። በእነዚህ ዓመታት መንግሥቱ በእንደራሴና በወራሽ ጉዳይ ሲናጥ፣ የንጉሡ መሞት የሚጠቅመው ወገንም የመኖራቸው ነገር የሚጠቅመው ወገንም ነበረ። የመርዝ ወሬም በቤተ መንግሥቱ ተናፍሷል። ከዚህ የምንማረው፣ አንደበቱ የታሰረ ሕመምተኛ ባለበት ቤት «ይረፍ» የሚለው ቃል ከማን አፍ እንደሚወጣ ሕዝቡ መመርመር እንደሚወድ ነው። ርኅራኄ የሚመስለው ነገር በውስጡ የርስትና የሥልጣን ጥቅም ሊይዝ እንደሚችል ያውቃልና።

ሐኪሙና ማደንዘዣው

በአውሮፓ የቃሉ ትርጉም ከምኞት ወደ ድርጊት የተሸጋገረው ቀስ በቀስ ነው። በሂፖክራቲስ ስም የሚታወቀው የጥንት መሐላ ሐኪም ቢለመንም እንኳ ገዳይ መድኃኒት ለማንም እንዳይሰጥ ያስገድዳል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እንግሊዛዊው ፈላስፋ ፍራንሲስ ቤከን «ዩታናሲያ» የሚለውን ቃል ወደ ሕክምና አስገባው፤ ሐኪም መፈወስ ባይችል እንኳ የሚሞተውን ሰው ስቃይ ማቅለልን እንደ ሙያው ክፍል ሊማረው ይገባል ሲል ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ጀርመናዊው ባለ መድኃኒት ፍሬድሪክ ሰርቱርነር ከኦፒየም ሞርፊንን ለየ፤ በክፍለ ዘመኑ አጋማሽ ደግሞ መርፌ ተፈለሰፈ። እ.ኤ.አ. በ1870 ሳሙኤል ዊሊያምስ የተባለ እንግሊዛዊ መምህር፣ ሕመምን የሚያስታግሰው መድኃኒት በሕመምተኛው ፈቃድ ሕይወትን ለማሳጠርም ይዋል የሚል ድርሰት አሳተመ።

ከዚህ ጊዜ ጀምሮ አንዱ መርፌ ሁለት መንገድ ያዘ። አንደኛው ስቃዩን ለማስታገስ፣ ሁለተኛው ሕይወቱን ለመፈጸም ነው። ሁለቱ በአንድ ብልቃጥ ውስጥ ቢገኙም አንድ አይደሉም፤ በመጠናቸውም በዓላማቸውም ይለያያሉ። ስለ ርኅራኄ ግድያ በሚደረግ ክርክር ውስጥ ብዙውን ጊዜ የሚፈጠረው ውዥንብር ይህን ልዩነት ከመዘንጋት የመጣ ነው።

«መኖር የማይገባው ሕይወት»

መርፌው ከሕመምተኛው ፈቃድ ተነጥሎ ከመንግሥት እጅ ሲገባ ምን እንደሚሆን ናዚ ጀርመን አሳይታለች። ሂትለር የፈረመውና እ.ኤ.አ. መስከረም 1 ቀን 1939 የሚል ቀን የተጻፈበት ደብዳቤ ሐኪሞች «የማይድኑ» ያሏቸውን ሰዎች በምሕረት ስም እንዲገድሉ ፈቀደ። እስከ ነሐሴ 1941 ድረስ በስድስት ስፍራዎች ከ70 ሺህ በላይ የአእምሮ ሕሙማንና አካል ጉዳተኞች በጋዝ ተገደሉ። ለኪነ ጥበብ ሰው ይበልጥ የሚያሳስበው ነገር በዚያው ወር «እከሳለሁ» የሚል ፊልም ለሕዝብ መቅረቡ ነው። በፊልሙ አንድ ሐኪም በማይድን የነርቭ በሽታ የተያዘችውን ሚስቱን በልመናዋ ይገድላታል፤ ተመልካቹም ያለቅስለታል። ፊልሙ የሚያሳየው አንዲት የምትወደድ ሴት በገዛ ፈቃዷ ስትሞት ነው፤ በተዘጉት ሆስፒታሎች የሚሞቱት ግን ማንም ፈቃዳቸውን ያልጠየቃቸው ነበሩ። የተዋጣለት ልብ ወለድ ለሐሰት መጋረጃ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ምስክር አይገኝም።

ከዚህ ታሪክ ጎን በሐረርጌ የተፈጸመውን እናስቀምጥ። በአገራችን ለዘመናት «የማይድን» ተብሎ ከሰው የተለየው የሥጋ ደዌ ሕመምተኛ ነበር። በሐረር የፈረንሳይ ካፑቺን ሚስዮናውያን በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የሥጋ ደዌ ሕሙማን መጠለያ አቋቋሙ። በኋላም ፈረንሳዊው ሐኪም ዶክተር ዣን ፌሮን ከሐረር ወደ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው ቢሲዲሞ ለሕሙማኑ መንደርና ሆስፒታል ለመሥራት ተነሡ። ለዚሁ ሥራ ገንዘብ ለማሰባሰብ እ.ኤ.አ. በ1957 በጀርመኗ በቩርዝቡርግ ከተማ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ረድኤት ማኅበር ተቋቋመ። «መኖር የማይገባው ሕይወት» የሚል ቃል በሕግ ስም ከተነገረባት አገር፣ ሃያ ዓመት ሳይሞላ፣ ማንም ለማይፈልገው የቢሲዲሞ ሕመምተኛ እርዳታ መጣ ማለት ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1982 በአንድነት የሚወሰዱ መድኃኒቶችን ካወጀ ወዲህም ሥጋ ደዌ በወራት ሕክምና የሚድን በሽታ ሆኗል። «የማይድን» የሚለው ፍርድ የአንድ ዘመን ዕውቀት ወሰን እንጂ የሕመምተኛው ባሕርይ እንዳልነበረ እነዚያ መንደሮች ይመሰክራሉ።

ልብ ወለድ የሚያየው

ሐቀኛው ልብ ወለድ በበኩሉ ምን አየ? ቶልስቶይ እ.ኤ.አ. በ1886 ባሳተመው «የኢቫን ኢሊች ሞት» ሕመምተኛውን ከሕመሙ ይልቅ የሚያሠቃየው ዙሪያውን የከበበው ሐሰት ነው። ሁሉም እንደሚድን ይነግሩታል፤ የሚያርፈው ገራሲም የተባለው የገበሬ ልጅ እግሩን ተሸክሞ ሲያድርና እውነቱን ሳይሸሽግ ሲያገለግለው ነው። ይህ ሥዕል ለእኛም ቅርብ ነው። የጥንቱ ሥርዓት ኑዛዜ እንዲኖር ሲል ሕመምተኛው ሞቱን እንዲያውቅ ያደርግ ነበር፤ በዛሬው የሆስፒታል ልማዳችን ግን ክፉው ዜና ለዘመድ ተነግሮ ከባለቤቱ የሚሸሸግበት ጊዜ ብዙ ነው። ባህል እንጠብቃለን ስንል ባህሉ የቆመበትን መሠረት እያፈረስን ይሆናል።

ጃፓናዊው ሞሪ ኦጋይ የሠራዊት ሐኪም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1916 በጻፈው «የታካሴ ጀልባ» ውስጥ አንድ ድሃ፣ ሸክም እንዳይሆንበት ብሎ ጉሮሮውን በምላጭ የቆረጠው ወንድሙ ምላጩን እንዲነቅልለት ሲለምነው ይነቅልለታል፤ ወንድሙም ይሞታል። ወደ ግዞት የሚወስደው ጠባቂ ታሪኩን ሰምቶ ይህ ግድያ ነውን? እያለ ከራሱ ጋር ይሟገታል። ፈረንሳዊው ሮዤ ማርታን ዱ ጋር እ.ኤ.አ. በ1929 ባሳተመው የ«ቲቦ ቤተሰብ» ክፍል፣ ሐኪም የሆነው ልጅ በጣር ላይ ላለው አባቱ ሞርፊን ወግቶ ሲፈጽም ያሳያል። አሜሪካዊው ጆን ስታይንቤክ «ስለ አይጦችና ሰዎች» በተባለው የ1937 ሥራው፣ ጆርጅ ወዳጁን ሌኒን አሳዳጆቹ ይዘው እንዳያሠቃዩት ራሱ ይገድለዋል። እነዚህ ደራስያን አይፈርዱም፤ የሚያሳዩት የገደለውን እጅ ነው። በሦስቱም ሥራዎች ውስጥ ከሞቱ በስተጀርባ ድህነት፣ ብቸኝነት ወይም መውጫ ማጣት ቆሟል። የጃፓኑ ወንድም ሸክም መሆንን ባይፈራ ኖሮ፣ ሌኒም የሚያስጠጋው ስፍራ ቢኖር ኖሮ፣ ልመናውም ጥይቱም ላይመጡ ይችሉ ነበር።

የእኛ ሥነ ጽሑፍ በገዛ እጅ ስለሚመጣ ሞት ሲያስብ ዘወትር የሚመለሰው ወደ መቅደላ ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አጼ ቴዎድሮስ እጃቸውን ላለመስጠት ራሳቸውን ገደሉ፤ ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት፣ ብርሃኑ ዘሪሁን፣ አቤ ጉበኛና ጸጋዬ ገብረ መድኅንም በየፊናቸው ስለ እርሳቸው ጽፈዋል። ሃይማኖቱ የከለከለውን ሞት መድረኩ በጭብጨባ ተቀብሎታል። ስለዚህ «ባህላችን ራስን መግደልን ይኮንናል» ብሎ በአንድ ቃል መዝጋት አይቻልም፤ ለክብር ሲሆን ያደንቀዋልና። ይሁን እንጂ የመቅደላው ሞት የጀግና ሞት ነው። ተራው ሕመምተኛ፣ ወራት የተኛው ሸማኔ፣ ነቀርሳ የያዛት ቡና ለቃሚ በመድረካችን ላይ ገና ቦታ አላገኙም። በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ፍቅረኞቹ የሚገናኙት በሞት አልጋ አጠገብ መሆኑ ብዙ አንባቢ አስለቅሷል፤ የአልጋው ሰው ስቃይና ቃል ራሱ ዋና ጉዳይ የሆነበት ሥራ ግን የሚጠበቅ ነው።

ልመናውን መስማት

በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ሌላውን ሰው ራሱን እንዲገድል ማነሣሣትንና መርዳትን በወንጀልነት ይቀጣ ነበር፤ በ1996 ዓ.ም. የተተካው የወንጀል ሕግም ይህንኑ ይዟል። ከርኅራኄ መነሣቱ ግድያን ሕጋዊ አያደርገውም። በአንጻሩ ኔዘርላንድስና ቤልጅግ እ.ኤ.አ. በ2002 ሐኪም በጥብቅ ሁኔታዎች የሕመምተኛውን ልመና እንዲፈጽም የሚፈቅድ ሕግ ሥራ ላይ አውለዋል፤ ሌሎችም አገሮች ተከትለዋል። የእነርሱ ክርክር መሠረት የግለሰቡ ነጻ ምርጫ ነው፤ ክብደት ያለው ክርክር ስለሆነ በንቀት ሊታለፍ አይገባም። ስቃዩ የእርሱ ሆኖ ሳለ ፍርዱ የሌላ ለምን ይሆናል? የሚለው ጥያቄ መልስ ይፈልጋል።

መልሱ ግን ልመናው በቀረበበት ሁኔታ ላይ ይመረኮዛል። ሞርፊን በሌለበት ክሊኒክ፣ ለሕክምና ሲባል ላምና በሬ በተሸጠበት ቤት፣ ልጆቹን እንዳላስቸግር ብሎ የሚጨነቅ ሕመምተኛ «ግደሉኝ» ሲል ነጻ ምርጫ መረጠ ማለት ያስቸግራል። ሌላ ምርጫ አልቀረበለትም። እንግሊዛዊቷ ሐኪም ሲስሊ ሳውንደርስ እ.ኤ.አ. በ1967 በለንደን የቅዱስ ክሪስቶፈር ሆስፒስን ስትከፍት የተነሣችው ከዚህ ሐሳብ ነበር፤ ሕመሙ በየሰዓቱ በሚሰጥ መድኃኒት ከታገሠ፣ ሕመምተኛውም ሰው ካልተለየው፣ የመሞት ልመናው ብዙውን ጊዜ ይለዝባል። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ2003 ሆስፒስ ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ተቋቁሞ ሕሙማንን በየቤታቸው እየተከታተለ ስቃያቸውን የማስታገስ ሥራ ጀምሯል። እ.ኤ.አ. በ1961 የተፈረመው የአደንዛዥ መድኃኒቶች ዓለም አቀፍ ስምምነትም ለስቃይ ማስታገሻ የሚሆኑ እነዚህ መድኃኒቶች አስፈላጊ መሆናቸውንና ሊገኙ እንደሚገባ በመግቢያው አስፍሯል።

ድሬዳዋ ለዚህ ሥራ የሚሆን ቅርስ አላት። ዕድሩና አፎቻው ሰው ከሞተ በኋላ ቀብሩን ሊያሰናዱ የተደራጁ ናቸው። በኤች አይ ቪ ወረርሽኝ ዘመን በአገራችን አንዳንድ ዕድሮች ሥራቸውን ከቀብር ወደ ኋላ መልሰው፣ ሕመምተኛውን በሕይወት ሳለ በቤቱ መንከባከብ ጀምረዋል። ከሞት በኋላ ለሦስት ቀን የሚተከለው ድንኳን ወጪ በከፊል ከሞት በፊት ላሉት ሌሊቶች ቢውል፣ ነርስ ለመጥራት፣ ማስታገሻ ለመግዛት፣ የደከመች አስታማሚን ለመተካት ይበቃል። «አሟሟቴን አሳምርልኝ» የሚለው ጸሎት ለፈጣሪ የቀረበ ቢሆንም የጎረቤት እጅም ይሠራበታል።

ለመምህሩና ለኪነ ጥበብ ሰው የሚቀረው ድርሻ የሕመምተኛውን ቃል ማሰማት ነው። ደራሲው «ገላግሉኝ» የሚለውን ሰው ሲጽፍ ከቃሉ በፊት የነበሩትን ሌሊቶች፣ የጎደለውን መድኃኒት፣ የተሸሸገበትን እውነት፣ በሩ ላይ የቆመውን ወራሽ ጭምር ይጻፍ። መምህሩም ተማሪዎቹን የሕጉን ክልከላ ብቻ ከማስጠናት አልፎ፣ ልመናው ከየት እንደመጣ እንዲጠይቁ ያስተምር። በድል ጮራ ሆስፒታልም ሆነ በመጋላ ጠባብ ጓዳ ውስጥ ዛሬ ማታ በሕመም የሚነቃ ሰው አለ፤ ስለ እርሱ የሚጻፈው ሁሉ እርሱ ቢያነበው የማያፍርበት ሊሆን ይገባል።